በኪሎ ብረት ዋጋ

በአሜሪካ ኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ ዚኒያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የፈረስ መሮጫ ሜዳ አለ። በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ፣ ከዓርብ እስከ እሑድ፣ ሜዳው በፒክአፕ መኪና፣ በታጣፊ ጠረጴዛና በሸራ ዳስ ይሞላል። ጠረጴዛዎቹ ላይ ያለውን ዕቃ አላፊ አግዳሚ ቢያየው ለቁራሌው የተሰበሰበ ይመስለዋል። መልካቸው የገረጣ ሬዲዮኖች፣ ቁልፋቸው የወለቀ መለኪያዎች፣ በካርቶን የታጨቀ ገመድ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው ትራንስፎርመር፣ ከየት እንደተነቀለ የማይታወቅ ቦርድ። ከመካከሉ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛ ሥር የተገፋ ግራጫ ሣጥን ይጎትታሉ። አቧራውን በእጃቸው ጠረግ ያደርጉና ከኋላው ያለውን የአየር ማስወጫ ያሸታሉ። አዎ፣ ያሸታሉ። ዋጋ የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ገበያው ሃምቬንሽን የሚባለው የአማተር ሬዲዮ ጉባኤ አካል ነው። ጉባኤው በ1952 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው ባለችው በዴይተን ከተማ ተጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1964 እስከ 2016 ሃራ አሬና በተባለ አዳራሽ ሲካሄድ ኖሮ፣ አዳራሹ ሲዘጋ በ2017 ወደ ዚኒያ ዞረ። በቅርብ ዓመታት ከ30 ሺህ ሰው በላይ ይመጣበታል። በአዳራሾቹ ውስጥ አምራቾች አዲስ ዕቃቸውን ያሳያሉ፤ ያምራል፤ እኛ ግን እዚያ አንቆይም። ጉዳያችን ውጭ፣ ጭቃና ፀሐይ በሚፈራረቁበት ሜዳ ላይ ነው።

ሽማግሌው ለምን አሸተቱ? የትራንስፎርመር ጥምጥም ሽቦ ቫርኒሽ የጠጣ ነው። ከመጠን በላይ ሲግል ቫርኒሹ ያራል፤ ጠረኑም ሣጥኑ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ለአሮጌ መሣሪያ የተቃጠለ ትራንስፎርመር መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ልኩ ገበያ ላይ አይገኝም፤ እንደገና ማስጠምጠሙም ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጣል። ሌላው ብልሽት ሁሉ ለድርድር ክፍት ነው። ሻጩ በበኩሉ ሣጥኑ ላይ "አልተሞከረም" የሚል ወረቀት ለጥፏል። በዚህ ሜዳ "አልተሞከረም" ማለት ብዙ ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ያለ ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ነገሩን አንስቶ የሚያፍር ግን የለም። ዋጋው የተቆረጠው ይህ ታስቦ ነው።

ሣጥኑ ኦሲሎስኮፕ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ቴስተር ነው። ቴስተር ግን የሚናገረው ቁጥር ብቻ ነው፤ እዚህ ነጥብ ላይ 5 ቮልት አለ ይልና ዝም ይላል። ያ 5 ቮልት በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ቢርገበገብ፣ አንዳንዴ ለሚሊዮንኛ ሴኮንድ ጠፍቶ ቢመለስ ቴስተሩ አያየውም። ኦሲሎስኮፕ ቮልቴጁን ከጊዜ ጋር አያይዞ በስክሪን ላይ ይሥለዋል። ብልሽት ፈላጊ ከግምት ወደ ማየት የሚሻገረው ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ከአሮጌ ገበያ መጀመሪያ ምን ልግዛ ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ አንድ ዓይነት የሚሆነው።

የመሣሪያው የአሁኑ መልክ ከአንድ ኩባንያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1946 በኦሪገን ክፍለ ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ሃዋርድ ቮለምና ጃክ መርዶክ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ቴክትሮኒክስን መሠረቱ። በቀጣዩ ዓመት 511 የተባለውን ኦሲሎስኮፕ በ795 ዶላር ለገበያ አወጡ። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ መሣሪያዎች ላይ ሥዕሉ ይንሸራተታል፤ ተጠቃሚው ቁልፍ እያዞረ እንዲቆምለት ይለማመጠዋል። 511 ግን ሲግናሉ የተወሰነ ከፍታ ላይ እስኪደርስ ጠብቆ ነው መሣል የሚጀምረው። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ስለሚነሳ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አግድሙ መስመርም በሴኮንድ ልክ የተከፋፈለ ስለሆነ ጊዜውን ማንበብ ይቻላል። ዛሬ በእጅ የሚያዙት ትንንሾቹ እንኳ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

በአሮጌው ገበያ ግን ስሙ የሚነሳው ከ511 ይልቅ የዚሁ ኩባንያ 465 ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣ፣ እስከ 100 ሜጋኸርዝ የሚያይ፣ 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ እጀታ ያለው መሣሪያ ነው። የጥገና ባለሙያ በመኪና ጭኖት ወደ ኮምፒውተር ክፍል የሚገባበት ዘመን ዕቃ ነው። አፍቃሪዎቹ የሚወዱት በጥራቱ ብቻ አይደለም። የጥገና መጽሐፉ የሰርኪዩቱን ሙሉ ሥዕል፣ እያንዳንዱ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ፣ በየነጥቡ ስንት ቮልት መገኘት እንዳለበትና የሞገዱ ቅርጽ ምን መምሰል እንዳለበት ሁሉ ይዟል። ያን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ ወጥቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ መሣሪያ ዛሬ ሜዳው ላይ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል፤ እሑድ ቀትር ላይ፣ ሻጩ ጭኖ መመለሱ ሲታየው፣ ከዚያም ይወርዳል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዴት እዚህ ዋጋ ላይ ይደርሳል? ተበላሽቶ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ብዙው ከላቦራቶሪ ሲወጣ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ የሚሞተው መዝገብ ላይ ነው።

አንድ ፋብሪካ መለኪያ መሣሪያውን በየጊዜው፣ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ልኩ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት ማሰጠት አለበት። ሰርተፍኬቱ ከሌለ ኦዲተሩ አይቀበለውም። መሣሪያው ሲያረጅ የምርመራው ክፍያ ከመሣሪያው የገበያ ዋጋ ይበልጣል። በዚያ ላይ አምራቹ አንድ ቀን "ይህን ሞዴል ከእንግዲህ አልጠግንም" ብሎ ያስታውቃል። ሒሳብ ክፍሉ ደግሞ የእርጅና ቅናሹን በየዓመቱ ሲቀንስ ቆይቶ ዜሮ ላይ ደርሷል። ሦስቱ ሲገጣጠሙ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ድንቅ መሣሪያ ቦታ የሚያጣብብ ብረት ይሆንና በጅምላ ይወገዳል። ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ የሚሠራ ሰው ግን ኦዲተር የለበትም። መለኪያው ከእውነተኛው በመቶ አንድ ቢስት ግድ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ኩባንያው የጣለው ነገር ለእሱ ሙሉ ዕቃ ነው። ትርፉ ያለው እዚህ፣ የአንዱ ፍላጎት ካለቀበት የሌላው በሚጀምርበት ቦታ ነው።

አንዳንዴ ዕቃው በጎርፍ ይመጣል። በ2000 እና በ2001 የኢንተርኔት ኩባንያዎች አረፋ ሲፈነዳ በካሊፎርኒያ ሲሊከን ቫሊ አዲስ ሊባሉ የሚችሉ መለኪያዎች ሳይቀሩ በሐራጅ ወጡ። በዚያ ሸለቆ እንዲህ ያለውን ትርፍራፊ የሚሸጡ ትልልቅ መጋዘኖች ነበሩ። ዊርድስታፍ የሚባለው በ2018 ተዘጋ፤ ከ1963 ጀምሮ የነበረው ሃልትድም በቀጣዩ ዓመት ተከተለው። መሬቱ ከዕቃው በላይ ተወደደ። ስቲቭ ጆብስ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ሃልቴክ በተባለ ተመሳሳይ መደብር ይሠራ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዋልተር አይዛክሰን ይነግረናል። ልጁ ሳን ሆዜ ወዳለው አሮጌ ገበያ ይወርዳል፤ ዋጋ ያለው ቺፕ የተበየደበትን ያገለገለ ቦርድ ለይቶ፣ ተከራክሮ ይገዛል፤ መልሶ ለሃልቴኩ አለቃው ሸጦ ያተርፍበታል። ሻጩ ቦርድ ነበር የሸጠው፤ ልጁ የገዛው ቺፑን ነው።

ወደ ግራጫው ሣጥን እንመለስ። ገዢው ቤቱ ከገባ በኋላ ዕውቀቱ የሚፈተነው ካቻቢቴ ሲያነሳ ነው። አሮጌ መሣሪያዎች በየራሳቸው መንገድ አይሞቱም፤ የሚሞቱባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በሳንቲም የሚፈቱ።

አንደኛው የጭስ ድራማ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተሠሩ ብዙ መሣሪያዎች የኤሌክትሪክ መግቢያ ላይ ሪፋ የተባለ የስዊድን ኩባንያ የወረቀት ካፓሲተር ተቀምጧል፤ ውስጡ የሚታይ፣ ቢጫ መልክ ያለው። በዕድሜ ብዛት ሽፋኑ ይሰነጠቅና እርጥበት ይጠጣል። ለዓመታት ተኝቶ የኖረው መሣሪያ ሶኬት ላይ ሲሰካ ደቂቃዎች ይሠራል፤ ከዚያ ባንዴ ይፈነዳና ቤቱን በሚከረፋ ጭስ ይሞላዋል። የማያውቅ ሰው ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ካፓሲተር ሥራው ከመስመሩ የሚመጣውን ረብሻ ማጣራት ብቻ ስለሆነ፣ ነቅለው ሌላ ሲተኩበት መሣሪያው ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። "ጨሰብኝ" ብሎ በብስጭት የሚሸጥ ሰው ለሚያውቅ ገዢ ሲሳይ ነው።

ሁለተኛው ታንታለም የሚባለው ካፓሲተር ነው። እነዚህ ሲያረጁ አንዳንዶቹ ሾርት ይሆናሉ። የኃይል ክፍሉ ይህን ሲያይ ራሱን ለማዳን ይዘጋል፤ መልሶ ይሞክራል፤ ይዘጋል። ከሣጥኑ የሚሰማው ቲክ፣ ቲክ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። መሣሪያው ሬሳ ይመስላል፤ አንዲት የምስር ፍሬ የምታክል ክፍል ናት ይህን ሁሉ ያመጣችው። እሷን ለማግኘት ግን የመጽሐፉን ሥዕል ይዞ መስመር በመስመር መሄድ ይጠይቃል፤ ሙሉ ቅዳሜ ሊወስድ ይችላል። የኮምፒውተር ሰዎች ደግሞ የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተርን ወረርሽኝ ያስታውሳሉ። ከ1999 ገደማ ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ቀመሩ የተበላሸ ፈሳሽ የተሞሉ ካፓሲተሮች ዓለምን አዳርሰው፣ አናታቸው አብጦ ማዘርቦርድና ስክሪን ሲገድሉ ኖሩ። ያኔ "ሞቷል" ተብሎ የተጣለ ስክሪን ስንቱ በጥቂት ካፓሲተር ተነስቶ ዛሬም ይሠራል። እነዚህ ካፓሲተሮች ጤነኛም ቢሆኑ ሙቀት አይወዱም፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው እጥፍ ይሆናል ይባላል። አየር ማራገቢያው የቆመ መሣሪያ ሲገዙ ይህን ማሰብ ነው።

ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመጡ ብዙ መሣሪያዎች የልካቸውን ማስተካከያ ቁጥሮች በቺፕ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ቺፑን ትዝታ እንዳያጣ የሚያደርገው አብሮት የታሸገ ትንሽ የሊትየም ባትሪ ነው። የኤችፒ 3458A መልቲሜትር፣ ስምንት ተኩል አሃዝ የሚያነብ፣ እስከ ዛሬ በሙያው ከቁንጮዎቹ የሚቆጠር መሣሪያ፣ እንዲህ ነው የተሠራው፤ የቴክትሮኒክስ 2465B ኦሲሎስኮፕም የልኩን ትዝታ በባትሪ ነው የሚጠብቀው። ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ፤ መሣሪያው ይበራል፣ ግን የሚናገረውን ማመን አይቻልም። ጥንቃቄ የጎደለው ገዢ ቺፑን ሳይቀዳ ይነቅለውና የገዛውን ትርፍ በአንድ ደቂቃ ይገድለዋል። የሚያውቀው ቁጥሮቹን በመጀመሪያ ቀድቶ፣ በአዲሱ ቺፕ ላይ ጽፎ ነው የሚተካው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ465 ዓይነቱ መሣሪያ የስክሪን ቱቦ ላይ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ አለ፤ ከተነቀለም በኋላ ወዲያው አይጠፋም። ከተጣለ ማይክሮዌቭ ምድጃ ትራንስፎርመር አውጥተው የሚጫወቱ ልጆችም አሉ፤ 2,000 ቮልት ገደማ የሚያወጣ፣ ሰውን ለመግደል ከበቂ በላይ ጉልበት ያለው ነገር ነው፤ ሰው የገደለበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። በነጻ ቢሰጣችሁ እንኳ ተዉት።

ስለ ርካሽ ግዢ ሲወራ ግን እኔን የሚገርመኝ የአቶሚክ ሰዓት ጉዳይ ነው። የሞባይል ስልክ ጣቢያዎች፣ በተለይ ሲዲኤምኤ በሚባለው አሠራር የተተከሉት፣ እርስ በርሳቸው በጊዜ መግባባት ስላለባቸው ብዙዎቹ ውስጥ የሩቢዲየም ሰዓት ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሩቢዲየም መብራት ብርሃን የሩቢዲየም ጋዝ በያዘ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያልፋል። ብልቃጡ ላይ የሚላከው ማይክሮዌቭ ልክ 6.8346826 ጊጋኸርዝ ላይ ሲደርስ አተሞቹ ይነሱና ብርሃኑ ትንሽ ይደበዝዛል። ሰርኪዩቱ ያንን መደብዘዝ እየተከታተለ ራሱን እዚያው ላይ ቆልፎ ይይዛል፤ ከዚያም ንጹሕ 10 ሜጋኸርዝ ይሰጣል። አዲስ ሲገዛ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ነው። ኔትወርኮች ሲታደሱ አሮጌዎቹ ሣጥኖች በጅምላ ወጥተው ወደ ቻይና ተጫኑ፤ ፈታቾቹ ሰዓቱን ለይተው መሸጥ ጀመሩ። በ2011 እና በ2012 አካባቢ FE-5680A የተባለው ሞዴል ከ40 ዶላር ብዙም ባልራቀ ዋጋ ይገኝ ነበር። አቶሚክ ሰዓት፣ በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ! ምን ያደርጉበታል የሚል አይጠፋም። ሌሎች መለኪያዎቻቸውን ይመዝኑበታል፤ ብዙዎቹ ግን እውነቱን ከተናገሩ፣ እንዲኖራቸው ብቻ ነው የገዙት።

በዚህ ፍቅር ሩቅ ከሄዱት አንዱ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የሚኖረው ቶም ቫን ባክ ነው። ቤቱን በሰበሰባቸው አቶሚክ ሰዓቶች ሞልቶታል። በመስከረም 2005፣ አንስታይን የአንጻራዊነት ሐሳቡን ማውጣት ከጀመረ 100 ዓመት በሞላበት ዓመት፣ ሦስት የሲዚየም ሰዓቶችን ከነባትሪዎቻቸው በቤተሰብ መኪናው ላይ ጭኖ፣ ሦስት ልጆቹን አሳፍሮ፣ ወደ ሬኒየር ተራራ ወጣ። የአንስታይን ሐሳብ ከፍ ባለ ቦታ ጊዜ ፈጥኖ ይሄዳል ይላል። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቅዳሜና እሑድን አሳልፈው ሲመለሱ ተራራ የወጡት ሰዓቶች ቤት ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ 22 ናኖሴኮንድ ገደማ ቀድመው ተገኙ፤ ስሌቱ የጠበቀውም ያንኑ ያህል ነበር። አንድ ትውልድ ቀደም ብሎ ይህ የመንግሥት ላቦራቶሪ ሥራ ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ትልቁ ግዢ አሮጌ አይደለም፤ ሠሪው ራሱ ያላወቀው አዲስ ነው። በ2012 በኮምፒውተር ላይ ቴሌቪዥን ለማየት ተብሎ በ20 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረ፣ አውራ ጣት የምታክል መሣሪያ ውስጥ RTL2832U የሚባል ቺፕ ነበር። ጥቂት ሰዎች ቺፑ ከቴሌቪዥን በተጨማሪ ያልተቀናበረውን ጥሬ ሲግናል ለኮምፒውተሩ ማቀበል እንደሚችል አወቁ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ዕቃ የአውሮፕላኖችን መልእክት፣ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶችን ሥዕል፣ ኤፍኤሙን፣ የአማተር ሬዲዮውን ሁሉ የምትቀበል ሆነች። እንዲህ ያለ ሰፊ መቀበያ ቀደም ሲል በሺዎች ዶላር ነበር። አምራቹ ቴሌቪዥን ሸጠ፤ ዓለም ሬዲዮ ገዛ።

የቻይናው ኩባንያ የሪጎል ጉዳይም ለዚሁ ይቀርባል። DS1052E የተባለው ኦሲሎስኮፑ እስከ 50 ሜጋኸርዝ ነው ተብሎ ይሸጥ ነበር። በ2010 አፍቃሪዎች ፈትተው ሲያዩት ውስጡ ከ100 ሜጋኸርዙ ሞዴል ጋር አንድ ሆኖ አገኙት፤ ልዩነቱ በሶፍትዌር የተቀመጠ ገደብ ብቻ ነበር። ገደቡን አነሱት። ኋላ የመጣው DS1054Z ላይም ተመሳሳይ ነገር ተደረገ። ይህ ስርቆት ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም። እኔ እጄ ውስጥ ያለውን ዕቃ ማወቅ መብቴ ነው ባይ ነኝ፤ ኩባንያውም ቢሆን በዚያ ወሬ ምክንያት ስንቱን እንደሸጠ ያውቃል። እነዚህ ርካሽ አዲስ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ለጀማሪ አሮጌውን 465 ግዛ ማለት ከባድ ሆኗል። አዲሱ ቀላል ነው፣ ሥዕሉን ያስቀምጣል፣ ዋስትና አለው። አሮጌውን መግዛት ያለበት መጠገንን ራሱን የሚወድ ሰው ነው። ናፍቆት ጥሩ ነው፤ በናፍቆት ብቻ ግን 10 ኪሎ አይሸከሙም።

የዚህ ንግድ ሌላው ቤት እስያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶኪዮ ውስጥ በካንዳ አካባቢ፣ የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ከሠራዊት የተረፈ የሬዲዮ ዕቃ በመንገድ ዳር ይቸረቸር ነበር። ተማሪዎች ክፍሎቹን ገዝተው ሬዲዮ ይገጣጥሙና ይሸጣሉ። በ1949 የመንገድ ላይ መደቦች እንዲነሱ ሲታዘዝ ነጋዴዎቹ በባቡሩ ድልድይ ሥር ገቡ፤ አኪሃባራ እንዲህ ተጀመረ። አንድ ሰው ሲቆምባቸው የሚሞሉት ጠባብ የክፍል ሱቆች ዛሬም አሉ፤ አካባቢውን የወረሱት ግን የካርቱንና የጌም መደብሮች ናቸው። የአሁኑ ማዕከል የቻይናዋ ሼንዘን፣ ኋቺያንግቤይ የሚባለው ሠፈር ነው። ስኮቲ አለን የተባለ አሜሪካዊ በ2017 ከዚያ ገበያ መስታወቱን፣ ባትሪውን፣ ቦርዱንና ቆርቆሮውን ለየብቻ ለቅሞ የሚሠራ አይፎን ገጣጥሞ አሳይቷል።

እዚያ ገበያ ግን ርካሽ ሁሉ ርካሽ አይደለም። ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ቺፕ ፊቱ ይፋቅና የሌላ፣ የተሻለ ቺፕ ስም ይታተምበታል። ሜሞሪ ካርዱ 128 ጊጋባይት ነኝ ይላል፤ 8 ሲሞላ መርሳት ይጀምራል። የስኮትላንዱ ኩባንያ ኤፍቲዲአይ ቺፖቹ ተመስለው ሲሸጡ መላ ቢያጣ በጥቅምት 2014 አስመሳዮቹን የሚያደነዝዝ ድራይቨር ለቀቀ። ተጎጂው አስመስሎ የሠራው ሳይሆን፣ ሳያውቅ የገዛው ተማሪና ጠጋኝ ሆነ፤ ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው ድራይቨሩን ሳበው። የሚያውቅ ገዢ ስለዚህ ዋጋው ከልክ በላይ ሲወርድ መጠራጠር ይጀምራል። ከአሮጌ መሣሪያ ራሱ የነቀለውን ክፍል ከአዲሱ ርካሽ የበለጠ የሚያምነውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ እንዲህ ያለ ዋጋ የሚኖረው ወሬው እስኪሰማ ድረስ ነው። የሩቢዲየሙ ሰዓት በ40 ዶላር የቆየው ክምችቱ እስኪሳሳና ሁሉም እስኪያውቀው ነበር፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ ማግኘት ዘበት ነው። ኒክሲ የሚባሉት፣ በመስታወት ውስጥ ብርቱካናማ ቁጥር የሚያበሩት ቱቦዎችም እንዲሁ። የሶቪየት ፋብሪካዎች ያመረቷቸው ማንም የማይፈልጋቸው ሆነው መጋዘን ውስጥ ሳይነኩ ተቀምጠው ነበር። አፍቃሪዎች የጠረጴዛ ሰዓት መሥሪያ ሲያደርጓቸው ዋጋው ብዙ እጥፍ ወጣ፤ እንዲያውም ዳሊቦር ፋርኒ የተባለ የቼክ ሰው አዲስ ኒክሲ በእጅ የሚሠራ ወርክሾፕ እስከ መክፈት ደረሰ።

ሜዳውን ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው ቀጥተኛ መንገድ ሻንጣ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ውስጥ ET3AA በሚል መጠሪያ የሚታወቅ የአማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ አለ፤ ሙያውን ለመማር ለሚፈልግ ተማሪም ሆነ ለጥገና ሠራተኛ፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚያመጣው አሮጌ መለኪያ ቀላል ነገር አይደለም። 23 ኪሎ በሚፈቀድ ሻንጣ 465 ከነልብሱ ይገባል። አምጪው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት፣ የእኛ 220 መሆኑ ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከኋላቸው ቮልቴጁን የሚመርጥ ማዞሪያ አላቸው፤ ፊውዙም አብሮ ይቀየራል። ይህን ሳያዩ የሰኩት እንደሆነ ትራንስፎርመሩ ሊሄድ ይችላል፤ እሱ ከሄደ ደግሞ ምን እንደሚቀር ከላይ አንብበናል።

ሻንጣ የሚልክለት ዘመድ የሌለው መርካቶ ይወርዳል። ምናለሽ ተራ ቆርቆሮው፣ ብረቱ፣ ጠርሙሱ፣ የተበላሸው የቤት ዕቃ ሁሉ የሚደርስበት ቦታ ነው። የሠፈሩ ሻጭ ዕቃውን የሚያየው በመዳቡና በብረቱ ነው። የምህንድስና ተማሪው የሚያየው ሌላ ነው፤ ከሞተ ኮምፒውተር የኃይል ክፍል 12 ቮልት፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ገና ያላለቁ ሴሎች፣ ከሃርድ ዲስክ ብርቱ ማግኔት፣ ከፕሪንተር ደግሞ በትክክል እየቆጠረ የሚዞር ስቴፐር ሞተር። የኮምፒውተሩን የኃይል ክፍል አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ማገናኘት ብቻ ይበቃል፤ ያለ ማዘርቦርድ ይነሳል፤ የላቦራቶሪ ኃይል ምንጭ ለመግዛት ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ድርድሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"አባባ፣ ይቺ ፕሪንተር ስንት ናት?"

"ለአንተ እንኳን እናስተካክላለን። ሙሉዋን ውሰዳት።"

"ሞተሯን ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ሞተር ለብቻው አይሸጥም ልጄ። ሙሉዋን ግዛና የተረፈውን እዚሁ ተውልኝ።"

ልጁ ይከፍላል፤ ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ እዚያው ይፈታል፤ ሁለት ሞተር ነቅሎ ቀፎውን ይመልስላቸዋል። አባባ የፕሪንተር ዋጋ ተቀብለው ፕሪንተሩም ቀረላቸው፤ ሁለቱም አትርፈዋል። ለምን እንደሚፈልገው ሲጠይቁት ለሮቦት ነው ይላቸዋል፤ ይስቃሉ። በሌላ ጊዜ ተመልሶ ሲመጣ ግን ሞተሮቹ ከየፕሪንተሩ ተነቅለው፣ በፌስታል ተለይተው፣ ከመደቡ ፊት ተቀምጠው ያገኛቸዋል። የመጨረሻው ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል።

"እነዚህ እኮ የሮቦት ናቸው" ይሉታል አባባ፣ "ዋጋቸው ሌላ ነው።"